ስለ ትንባሆ በተደረገ ንግግር ላይ የቀረበ ትችት፤ በአጫሾች ደም ውስጥ ስለሚገኘው ካርቦን ሞኖክሳይድ

በሐዋሳ ከተማ በባህል አዳራሽ ስለ ትንባሆ ጉዳት የተደረገውን ንግግር ለመስማት ከኮሌጃችን ብዙ ተማሪዎች ሄደን ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የንግግሩን ቃል መልሶ መቅዳት አይደለም፤ የተባለውንና ሳይባል የቀረውን መርምሮ፣ እንዲህ ያለው ትምህርት ለወጣት አድማጭ በምን መንገድ ቢቀርብ ይበልጥ እንደሚጠቅም ማመልከት ነው። እኛ ገና በትምህርት ላይ ያለን ነን፤ ንግግሩን ያደረጉት ሰው ግን በዕድሜም በሙያም ይበልጡናል። ስለዚህ ትችታችን በዕውቀታቸው ላይ ሳይሆን በአቀራረባቸው ላይ መሆኑን አንባቢ እንዲረዳልን አስቀድመን እናሳስባለን።

ከሁሉ በፊት ምስጋናውን እናቅርብ። ንግግሩ በሚገባ የተዘጋጀ ነበር። ተናጋሪው የዓለም ጤና ድርጅትን ጠቅሰው ትንባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን እንደሚገድል አስረዱ። ስለ ሣንባ ነቀርሳ፣ ስለ ጉሮሮ ነቀርሳና ስለ ልብ ሕመም በሥዕል አሳዩ። ኢትዮጵያ የትንባሆ ቍጥጥር ማዕቀፍ ስምምነትን በ2006 ዓ.ም. እንዳጸደቀች፣ በ2011 ዓ.ም. በወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1112 መሠረትም በቤት ውስጥ ባሉ የሥራና የሕዝብ ቦታዎች ማጨስ እንደ ተከለከለ፣ ከደጃፋቸውና ከመስኮታቸውም 10 ሜትር ሳይርቁ ማጨስ እንደማይፈቀድ፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትንባሆ መሸጥ ክልክል እንደ ሆነ ዘረዘሩ። ይኽ ሁሉ እውነት ነው፤ መታወቅም ይገባዋል።

ንግግሩ አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ አብሮን የነበረ አንድ ጓደኛችን እርምጃውን እየቈጠረ ከደጃፉ ራቀ። አሥር ሜትር መሙላቱን ሲያረጋግጥ ቆመና ሲጃራውን አውጥቶ ለኰሰ። «ሕጉን አክብሬአለሁ» አለን። «ስለ ነቀርሳውስ የተባለውን አልሰማህም?» ብለን ብንጠይቀው፣ «ሰማሁ እንጂ! እሱ የሚመጣው በሃምሳና በስድሳ ዓመት ነው ተባለ፤ እኔ ገና ሃያ ሁለቴ ነው። እስከዚያ እተወዋለሁ» ሲል መለሰልን። እኛም ሣቅን። ወደ ማደሪያችን ስንመለስ ግን ነገሩን ደጋግመን አሰብንበት፤ ጓደኛችን ንግግሩን ከማናችንም አሳንሶ አልሰማም። የሰጠው መልስ ራሱ ከንግግሩ የተወሰደ ነው።

የትችታችን ዋና ነገር ይኽ ነው። ንግግሩ የትንባሆን ጉዳት ሁሉ በሩቅ ዘመን ላይ አስቀመጠው። ለሃያ ዓመት ወጣት ሠላሳ ዓመት ማለት ያላለቀ ገንዘብ ማለት ነው፤ ዛሬ ቢያጠፋው ነገ የሚተካው ይመስለዋል። የሲጃራው ጢስ ግን አንድም ቀን ሳይጠብቅ፣ ሲጃራው እየነደደ ሳለ በደሙ ውስጥ የሚሠራው ሥራ አለ። የዚህ ሥራ ባለቤት ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። በንግግሩ ውስጥ ስሙ አንድ ጊዜ፣ በጢስ ውስጥ የሚገኙ መርዞች በዝርዝር ሲጠሩ፣ ከብዙዎቹ መካከል ተጠራና ታለፈ። እኛ ግን ትምህርቱ መጀመር የነበረበት ከዚህ ነው እንላለን።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሰልም ሆነ እንጨት፣ ትንባሆም ሆነ ቤንዚን በቂ ኦክሲጅን ሳያገኝ ሲነድ የሚወጣ ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፤ ሽታ የለውም፤ ዓይን አይቈጠቍጥም፤ ጉሮሮም አይከረክርም። ሰው ከጢስ የሚሸሸው ጢሱ ስለሚያስለውና ስለሚያስለቅሰው ነው። ይኽ ጋዝ ግን ምንም ምልክት ሳይሰጥ ከአየር ጋር ወደ ሣንባ ይገባል፤ ከሣንባም ወደ ደም ያልፋል። አጫሹ ከሲጃራው ከሚስበው ጢስ ውስጥ ከመቶ ከ3 እስከ 5 እጅ ያኽሉ ይኸው ጋዝ ነው።

በቀይ የደም ሕዋሳት ውስጥ ብረት ያለበት ሄሞግሎቢን የሚባል ነገር አለ፤ ሥራውም ከሣንባ ኦክሲጅን ተሸክሞ ለሰውነት ሁሉ ማድረስ ነው። እያንዳንዱ የሄሞግሎቢን ቅንጣት ለኦክሲጅን አራት መቀመጫ አለው። ካርቦን ሞኖክሳይድ በዚያው መቀመጫ ላይ ይቀመጣል፤ የመያዝ ኀይሉም ከኦክሲጅን ከ200 እስከ 250 ጊዜ ይበልጣል። ስለዚህ በአየሩ ውስጥ ያለው ጋዝ ጥቂት ቢሆንም በደም ውስጥ የሚይዘው ቦታ ጥቂት አይሆንም። ጉዳቱም መቀመጫ በመያዝ ብቻ አያበቃም። ከአራቱ በአንዱ ላይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሲቀመጥ በቀሩት ላይ ያለው ኦክሲጅን ይጠብቃል፤ ወደሚፈለግበት ሥጋ ሲደርስ እንደ ወትሮው አይለቅም። በአንድ አውቶቡስ ውስጥ አንድ ተሳፋሪ አልወርድም ብሎ ሌሎቹንም እንዳይወርዱ መንገድ እንደ መዝጋት ያለ ነው።

ይኽ ዕውቀት አዲስ አይደለም። ክሎድ ቤርናር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ይኽ ጋዝ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ቦታ እንደሚወስድ በ1850ዎቹ እ.ኤ.አ. አስረድቷል። ጆን ስኮት ሃልዴን የተባለው የብሪታንያ ሰው ደግሞ ጋዙን ራሱ እየተነፈሰ፣ ደሙን እየቀዳ እየመረመረ፣ የደረሰበትን በ1895 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በአንዱ ሙከራ ከሄሞግሎቢኑ ከግማሽ የሚበልጠው በጋዙ ተይዞ ቆሞ መሄድ አቅቶት ነበር። ሰው በራሱ ሥጋ ላይ እንዲህ አድርጎ ያገኘውን ዕውቀት እኛ በአንድ ቃል ማለፋችን የሚያስቈጭ ነው።

አሁን መጠኑን እንመልከት። የማያጨስ ሰው በጢስ ካልተጎዳ በቀር በካርቦን ሞኖክሳይድ የተያዘው ሄሞግሎቢኑ ከመቶ አንድ እጅ ያኽል ወይም ከዚያ በታች ነው፤ ይኽም ሰውነት ራሱ አሮጌ ደም ሲያፈርስ ጥቂት ጋዝ ስለሚያወጣ ነው። በየቀኑ የሚያጨስ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ ከ3 እስከ 8 እጅ፣ አብዝቶ የሚያጨስ ደግሞ ከመቶ 10 እጅና ከዚያም በላይ ይደርሳል። እንግዲህ ፓኮ ሙሉ የሚያጨስ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ምንም ሕመም ሳይሰማው ከደሙ የመሸከም ኀይል ከአሥር እጅ አንዱን ያኽል ለጋዙ አከራይቶ ሊውል ይችላል ማለት ነው። ኪራዩን የሚከፍለው ዛሬ ነው፤ በስድሳ ዓመቱ አይደለም።

ይኽ ነገር በሀገራችን ደጋ ምድር ከሌላው ቦታ ይልቅ ይከብዳል። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ያኽል ትገኛለች፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በሐዋሳ ከፍታ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያኽል ያንሳል፤ በአዲስ አበባ ሩብ ያኽል ያንሳል። ኦክሲጅኑ ሲያንስ ካርቦን ሞኖክሳይድ መቀመጫውን ለመቀማት ይበልጥ ይመቸዋል። ሯጮቻችን በደጋ አየር ተለማምደው ደማቸውን ሲያጠነክሩ፣ እዚያው አየር ላይ የሚያጨስ ወጣት ደሙን ያደክማል። ስለ ሩጫ የማያወራ ተማሪ ባልነበረበት አዳራሽ ይኽን መናገር ቀላል ነበር።

ሁለተኛው ትችታችን ተናጋሪው ምሳሌያቸውን ሁሉ ከሩቅ ማምጣታቸው ነው። ምክንያቱም በአዳራሹ ከተቀመጠው ሰው መካከል ይኽን ጋዝ በሥራው የማያውቀው አልነበረም፤ የማያውቀው ስሙን ብቻ ነው። በክረምት ሌሊት ከሰል አቀጣጥለው፣ ብርዱን ፈርተው በርና መስኮት ዘግተው የተኙ ሰዎች ሲነጋ ሞተው መገኘታቸው በሀገራችን ተደጋግሞ የተሰማ ነገር ነው። «ከሰል አፈናቸው» ይባላል። ያፈናቸው ግን ይኸው ጋዝ ነው። በሲጃራው ጫፍ ላይ ያለው ፍምና በማንደጃው ላይ ያለው ፍም አንድ ዓይነት ጋዝ ያወጣሉ።

እናቶቻችን ከሰሉ ሳይፈም ወደ ቤት አያስገቡትም። ደጅ ላይ አራግበው፣ ጢሱ ወጥቶ ሲያልቅና ፍሙ ሲቀላ ነው ከረከቦቱ አጠገብ የሚያስቀምጡት። ይኽ መልካም ልማድ ነው፤ ነገር ግን በውስጡ አንድ ስሕተት ተደብቋል። ጢሱ አለቀ ማለት ጋዙ አለቀ ማለት አይደለም። ቀልቶ የሚታየው ፍም በዓይን የሚታይ ጢስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን አያቋርጥም። ስለዚህ ቡና የሚፈላበት ቤት መስኮቱ ተከፍቶ ሊቈይ፣ ሰው የሚተኛበት ቤት ግን ከሰል ከቶ ሊገባበት አይገባም። ተናጋሪው ከዚህ ተነሥተው ወደ ሲጃራ ቢሻገሩ ኖሮ አድማጩ ሁለት ነገር ይዞ ወደ ቤቱ በተመለሰ ነበር፤ አንዱን ለራሱ፣ አንዱን ለቤተሰቡ።

ይኽንም የምንለው ሌላ ምክንያት ስላለን ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ በተደረገው የአዋቂዎች የትንባሆ ጥናት መሠረት ከአዋቂዎች መካከል ትንባሆ የሚጠቀሙት ከመቶ 5 እጅ ነበሩ፤ ከወንዶች ከመቶ 8 እጅ፣ ከሴቶች ከመቶ 2 እጅ ያኽል ማለት ነው። እንግዲህ ንግግሩ ስለ ሲጃራ ብቻ ሲሆን ከመቶው አድማጭ ዘጠና አምስቱ ነገሩ እኔን አይመለከተኝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። በከሰልና በማገዶ የማያበስል ቤት ግን በሀገራችን ጥቂት ነው። ጋዙን መነሻ ያደረገ ትምህርት አጫሹንና የማያጨሰውን፣ ባልንና ሚስትን፣ ተማሪንና እናቱን በአንድነት ይመለከታል።

ሦስተኛ፣ ስለ ሺሻና ስለ ጋያ የተባለው በቂ አልነበረም። ሺሻ በአዋጁ እንደ ተከለከለ ተነግሮን አለፍን። ነገር ግን ብዙ ወጣቶች ሺሻ ከሲጃራ ይሻላል ብለው የሚያምኑት ጢሱ በውሃ ውስጥ ስለሚያልፍ «ይታጠባል» በሚል ሐሳብ ነው። በገጠር በቅል የሚጨሰውን ጋያም በሚመለከት ይኸው ይባላል። ውሃው ጢሱን ያቀዘቅዘዋል፤ ስለዚህ ጉሮሮ አይቃጠልም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን በውሃ ውስጥ እምብዛም ስለማይሟሟ ሳይነካ ያልፋል። በሺሻ ላይ ደግሞ ከትንባሆው በላይ ከሰል ይነዳል፤ በአንድ መቀመጫ ሺሻ ያጨሰ ሰው ከአንድ ሲጃራ የሚገኘውን ብዙ እጥፍ ይስባል። ሺሻ ሲያጨሱ ራሳቸውን ስተው ወደ ሐኪም ቤት የተወሰዱ ሰዎች በልዩ ልዩ ሀገሮች የሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። ክልከላው ያለ ምክንያቱ ሲነገር ወጣቱ ለመደበቅ ብልኀት ይፈልጋል፤ ምክንያቱ ሲነገረው ግን ቢያንስ ያስባል።

አራተኛ፣ ስለ ነፍሰ ጡር ሴት ምንም አልተባለም። ጋዙ ከእናቲቱ ደም ወደ ፅንሱ ደም ያልፋል። የፅንሱ ደም ከእናቱ ደም ይልቅ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ከእናቱ ከወጣ በኋላም ከፅንሱ የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው። የሚያጨሱ እናቶች የሚወልዷቸው ሕፃናት ክብደታቸው አነስተኛ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኽ ነው። በሀገራችን የሚያጨሱ ሴቶች ጥቂቶች ናቸው፤ ሆኖም ባል በጠባብ ቤት ውስጥ ሲያጨስ፣ ሚስትም በተዘጋ ማጀት በማገዶ ስታበስል የሚገኘው ጋዝ ወደዚያው ደም ነው የሚሄደው።

እዚህ ላይ ራሳችንን መተቸት ይገባናል። አንድ አንባቢ «የሲጃራን ጉዳት ከከሰል ሞት ጋር ማመሳሰል ማጋነን ነው» ቢለን እውነት አለው። በከሰል ጋዝ የሚሞት ሰው ሄሞግሎቢኑ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ በላይ ተይዞ ነው፤ አጫሹ ግን ከመቶ 5 ወይም 10 እጅ ተይዞበት እየሠራ ይውላል። ስለዚህ አጫሹን «ዛሬ ማታ ትሞታለህ» ማለት ውሸት ነው። ውሸት ደግሞ የተገለጠ ዕለት እውነቱንም ይዞ ይወድቃል። እኛ የምንለው ጋዙ አንድ ነው፤ መጠኑ ግን ይለያያል ነው። መጠኑ ቢያንስም ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። በ1989 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ የልብ ደም ሥር ጥበት ያለባቸው ሰዎች ከደማቸው ከመቶ 2 እስከ 4 እጅ ያኽል ብቻ በጋዙ ሲያዝ፣ እንቅስቃሴ ሲያደርጉ ልባቸው ከወትሮው ቀድሞ የደም እጥረት ምልክት እንዳሳየ ታይቷል። ይኽ መጠን የዕለት ተዕለት አጫሽ መጠን ነው።

ሌላም መቃወሚያ አለ። «ሰውን ከሲጃራ ጋር የሚያስረው ኒኮቲን ነው፤ ነቀርሳ የሚያመጣውም በአብዛኛው ዝፍቱ ነው፤ እናንተ ስለ ጋዙ ብቻ ብታወሩ ምን ይጠቅማል?» ሊባል ይችላል። ትክክል ነው፤ ጋዙ ሱስ አያስይዝም፤ ነቀርሳም አያመጣም። እኛም ነቀርሳው ይቅር አላልንም፤ ይከተል ነው ያልነው። መጀመሪያ የዛሬውን፣ ቀጥሎ የነገውን መንገር ይሻላል፤ ምክንያቱም የዛሬውን ያልተቀበለ ሰው ለነገው ጆሮ አይሰጥም።

ስሙን ብቻ መጥራትም እንደማይበቃ የሌሎች ሀገሮች ሥራ ያስተምረናል። አሜሪካ በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ በሲጃራ ፓኮ ላይ እየተፈራረቁ እንዲጻፉ ካዘዘቻቸው አራት ማስጠንቀቂያዎች አንዱ የሲጃራ ጢስ ካርቦን ሞኖክሳይድ እንዳለበት የሚገልጽ ነበር። ከዚያ በላይ ምንም አላለም። ጋዙ ምን እንደሚሠራ፣ የት እንደሚሄድ፣ ስንት ሰዓት እንደሚቈይ አንድ ቃል የለበትም። የኬሚስትሪ ትምህርት ለሌለው ሰው ይኽ የእንግዳ ስም መስማት ብቻ ነው። በባህል አዳራሽ የሆነውም ከዚህ የተለየ አልነበረም።

የሚያስፈራ ነገር ብቻ ተናግሮ መተውም በሀገራችን የቆየ ልማድ ነው። በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመነ መንግሥት ትንባሆ ያጨሰ ከንፈሩ ይቈረጥ ነበር ተብሎ ይነገራል። እኛ በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤትም መምህሮቻችን ትንባሆን ከኀጢአት ቈጥረው፣ ቅጣቱን በወዲያኛው ዓለም አድርገው አስተማሩን። መልካም ሐሳብ ነበራቸው፤ ከእኛም ብዙዎቹ በዚያ ምክንያት ሳናጨስ ቀርተናል። ይሁን እንጂ ከንፈር መቍረጥም ሆነ ሲኦል፣ በስድሳ ዓመት የሚመጣ ነቀርሳም ቢሆን፣ ሦስቱም ለአጫሹ የሚነግሩት ስለ ቅጣት ነው። ዛሬ ቢተው ነገ ምን እንደሚያገኝ የነገረው የለም።

የካርቦን ሞኖክሳይድ ነገር ከሌሎቹ ጉዳቶች የሚለየው በዚህ ነው፤ በቶሎ ይገባል፤ በቶሎም ይወጣል። ንጹሕ አየር የሚተነፍስ ሰው በደሙ ካለው ጋዝ እኩሌታው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይወጣል። አምስት ሰዓት ብለን እንቍጠርና፣ ከመቶ 8 እጅ ይዞ ማጨስ ያቆመ ሰው ከአምስት ሰዓት በኋላ 4 እጅ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ 2 እጅ፣ ከአሥራ አምስት ሰዓት በኋላ 1 እጅ ብቻ ይቀረዋል። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ሲሞላ ደሙ በዚህ ረገድ ከማያጨስ ሰው ደም ጋር እኩል ይሆናል። አጫሽ ሁሉ ሌሊት ሲተኛ ደሙ ጋዙን ሲያስወጣ ያድራል፤ ጧት ከቡናው ጋር በሚለኵሳት ሲጃራ ይመልሰዋል። ሣንባ ለመጠገን ዓመታት ይፈልጋል፤ ደም ግን አንድ ቀን ብቻ ይለምናል። ይኽን የመሰለ የምሥራች በእጃቸው እያለ ተናጋሪው ሳይነግሩን መቅረታቸውን ከሁሉ የበለጠ ጉድለት አድርገን እንቈጥረዋለን።

ከትችት ጋር አሳብ ማቅረብ ስለሚገባ ሦስት ነገር እናመለክታለን። አንደኛ፣ በእንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ በትንፋሽ ውስጥ ያለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ቢቀርብ መልካም ነው። አጫሹ ትንፋሹን ይዞ ቈይቶ ወደ መሣሪያው ሲነፋ ቍጥሩ ወዲያው ይታያል፤ አብዝቶ የሚያጨስ ሰው ቍጥር ከሚሊዮን 10 እጅ በላይ ይሆናል፤ ማጨስ ካቆመ በማግሥቱ ሲነፋ ቍጥሩ ይወርዳል። ሰው የገዛ ትንፋሹን ቍጥር ካየ በኋላ የሌላ ሰው ሥዕል ማየት አያስፈልገውም። ሁለተኛ፣ ትምህርቱ ከከሰሉ ይጀምር፤ በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በሲዳምኛም ይሰጥ፤ ማንደጃውን የምታቀጣጥለው እናት በቋንቋዋ ትስማው።

ሦስተኛው በጤና ትምህርት ክፍል ያሉትን ጓደኞቻችንን ይመለከታል። በጣት ላይ ተሰክቶ የደምን ኦክሲጅን የሚለካው የተለመደው መሣሪያ ካርቦን ሞኖክሳይድን ከኦክሲጅን አይለይም። በከሰል የታፈነ ሰው ደሙ በጋዝ ተሞልቶ ሳለ መሣሪያው ከመቶ 98 እጅ ሊያሳይ ይችላል። ቍጥሩን አምኖ ሰውየውን ወደዚያው ቤት የመለሰ የጤና ሠራተኛ በመልካም ልብ ትልቅ ስሕተት ይሠራል። ስለዚህ ከከሰል ቤት ራሱን አሞት የመጣ ሰው ካለ ቍጥሩ ሳይታመን ንጹሕ ኦክሲጅን ሊሰጠው ይገባል፤ ጋዙ በአየር ሲወጣ ሰዓታት የሚፈጀው እኩሌታ በኦክሲጅን አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ ጥቂት ቢበልጥ ነው። በቤቱ የቀሩትም ሰዎች ፈጥነው እንዲወጡ መላክ ያስፈልጋል።

በመጨረሻ ስለ ጓደኛችን የሆነውን ሳንነግር ብንዘጋ አንባቢን ማጓደል ይሆንብናል። በዚያው ማታ ከላይ የጻፍነውን ሁሉ በወረቀት ላይ እየሣልን አስረዳነው። ስለ ነቀርሳው ሲነገር ምንም ያልጠየቀው ልጅ፣ ስለ ደሙ ሲሰማ «እንግዲያው ከአሁን ጀምሬ ብተው ነገ በዚህ ሰዓት ስንት ይቀረኛል?» ብሎ ጠየቀን። ቈጠርንለት። ያንን ሌሊትና በማግሥቱ እስከ ማታ አላጨሰም። በሦስተኛው ቀን ግን ቀደም ብሎ እንደ ለመደው አጨሰ፤ ይኽን መደበቅ አንፈልግም፤ ኒኮቲን በአንድ ማታ ወሬ የሚለቅ ጌታ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሞክሯል፤ በሁለተኛው ጊዜ አራት ቀን ቈይቷል።

እኛ በዚህ ድል አደረግን አንልም። የምንለው፣ ያ ልጅ ከባህል አዳራሽ ሲወጣ የቈጠረው ከደጃፍ የራቀበትን ሜትር ነበር፤ አሁን ግን የሚቈጥረው ደሙ የሚነጻበትን ሰዓት ነው። ከዚህ በኋላ በዚያ አዳራሽ ስለ ትንባሆ የሚናገሩ ሁሉ አድማጫቸው ወጥቶ ምን እንደሚቈጥር አስበው እንዲናገሩ በትሕትና እንለምናለን።